አልሰጥም ያለ እንጨት

ዓሣ የሚሸጥ ሰው ትዕግሥተኛ ይመስላችኋል። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲያይ የሚውል ሰው ልቡም የረጋ ነው ብሎ ሁሉም ያስባል። እኔን የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም። ሱቄ በፎቶ ኮፒ ቤቱና በመነጽር ቤቱ መካከል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በግራና በቀኝ አሥራ አራት የመስተዋት ገንዳዎች ተደርድረዋል፣ የአየር ፓምፖቹ ከጠዋት እስከ ማታ ያንጎራጉራሉ፣ እኔ ደግሞ ከፓምፖቹ በላይ እጮሃለሁ። ለዓሣ ዳቦ የሚያበላ ሰው ላይ እጮሃለሁ። ገንዳውን በሳሙና ፈትጎ አጥቦ ሲያበቃ «በሽተኛ ዓሣ ነው የሸጥክልኝ» የሚለኝ ላይማ ጎረቤት እስኪሰማ እጮሃለሁ። ሚስቴ «አንተ የምትሰበስበው ደንበኛ ሳይሆን ጠላት ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ጋሽ ሚሊ ላይ ግን አንድም ቀን አልጮኽኩም። የሠራሁባቸው ሥራ ከጩኸት የባሰ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

እሳቸው አናጢ ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ መጋዙን ሰቅለዋል እንጂ የሰፈራችን ግማሽ ቁም ሣጥን የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ሚሊ የተባሉት ሁሉን ነገር በሚሊሜትር ስለሚናገሩ ነው። የበር ስፋት ለክተው «ሰማንያ ሳንቲም» ብለው አያውቁም፤ «ስምንት መቶ ሦስት» ይላሉ። የልጃቸውን እጮኛ መጀመሪያ ያዩት ቀን «ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ከሺህ ስድስት መቶ አርባ አያልፍም» ብለው ልጅቷን አስለቅሰዋታል ይባላል። ልጁም እዚያው ሺህ ስድስት መቶ አርባ ላይ እንዳለ አገባት። የእኔን የሱቅ መደርደሪያ የሠሩትም እሳቸው ናቸው። ያን ሁሉ ውኃ ተሸክሞ ስምንት ዓመት ሲቆም አንዲት ሚሊ አልወረደም።

ባለቤታቸው ደግሞ ወሬ የማይጠገብላቸው ሴት ነበሩ። ባል በሚሊ፣ ሚስት በኪሎ ሜትር ይባል ነበር በሰፈሩ። ጋሽ ሚሊ «እሜቴ» ነው የሚሏቸው፤ በቀልድ የጀመሩት ነው፣ ኋላ ስማቸው ሆኖ ቀረ። እሜቴ ባለፈው ዓመት ልብስ ሲያሰጡ ወደቁ። ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ተኝተው ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ነበር፣ አንደበታቸውም እንደዚያው። ከዚያ ሁሉ ወሬ የተረፈቻቸው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ግቡ»።

ጠያቂ በሩ ላይ ሲደርስ «ግቡ» ይላሉ። ጠያቂውም ደስ ብሎት «ገባን እማማ፣ ይኸው ገባን» ይላል። ተቀምጦ ሻይ ከጠጣ በኋላ ልሂድ ብሎ ሲነሣም «ግቡ» ይሉታል። ግራ ገብቶት ተመልሶ ይቀመጣል። አንዲት ጎረቤት በዚህ ምክንያት ምሳዋ ምድጃ ላይ እያረረ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያው ተቀምጣ ዋለች አሉ። ሰው ከበሽተኛ ፊት መሳቅ ስለማይችል ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ይስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

የዓሣ ገንዳ የገዛችላቸው ልጃቸው ናት። «እናቴ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ከምታይ» ብላ መጣች፤ አንድ ሜትር የማይሞላ ገንዳና ሦስት ዓሣ ሰጠኋት። አንዱ ጥቁር ነው፣ ትልቅ፣ ሰፊ ግንባር ያለው። ሺህ ስድስት መቶ አርባው አማች «ዘበኛው» የሚል ስም አወጣለት። አንዱ ባለ መስመር ነው፣ ስለ እሱ የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛዋ ትንሿ ቢጫ ናት። ገንዳውን ከአልጋው ፊት ለፊት አቆሙትና እሜቴ ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው የሚንቀሳቀስ ነገር ተከትሎ ሄደ። ልጅቷ ይህን ልትነግረኝ ስትመጣ እንባዋ ይወርድ ነበር። ሥራዬን የወደድኩባቸው ቀናት ብዙ አይደሉም፤ ያ አንዱ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ሚሊ ራሳቸው መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንዱ ገንዳ ፊት ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

«ዓሣ ሲያባርሩት የሚደበቀው የት ነው?» አሉኝ።

«ባገኘው ነዋ። ቅጠል ሥር፣ ድንጋይ ሥር።»

«ባዶ ገንዳ ከሆነስ?»

«ያኔማ ይነከሳላ።»

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁና አፌን ሰበሰብኩ። ቀና ብለው መደርደሪያቸው ላይ ተደገፉ።

«ሰው ሁሉ እንግዳ የምትቀበል ይመስለዋል» አሉ። «እኔም መስሎኝ ነበር። ትናንት እኔና እሷ ብቻችንን ሆነን ትጮሃለች፤ ግቡ፣ ግቡ፣ ግቡ። በሩን አየሁ፣ ማንም የለም። ዘወር ብዬ ሳያት ዓይኗ ገንዳው ላይ ነው። ያ ዘበኛ የምትሉት ቢጫዋን ከጥግ እስከ ጥግ ይነዳታል። ልጆቻችን ትንንሽ ሆነው ዝናብ ሲመጣ በር ላይ ቆማ እንዲያ ነበር የምትጠራቸው። ለዓሣዋ ነው የምትጮኸው። ግን የት ትግባላት? መግቢያ የለም።»

እሳቸው መደርደሪያውን በአውራ ጣታቸው ይደባብሱታል።

«አርባ ዓመት ለሰው ቤት በር ስገጥም ኖሬ፣ እሷ በቀራት አንድ ቃል አንድ ነገር ብትለምነኝ ማድረግ ካቃተኝ ምን ሰው ነኝ?»

ቀላል ነገር መሰለኝ። «ዘበኛውን መልሱልኝና ይገላገሉ» አልኳቸው። በማግስቱ በላስቲክ ከረጢት አድርገው አመጡት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ባዶ ከረጢት ይዘው መጡ። እሜቴ ዘበኛውን ሲፈልጉ ውለው አድረዋል። ዓይናቸው ከመስተዋቱ አይነቀልም፣ ማንኪያ ሲቀርብላቸው ጥርሳቸውን ይገጥማሉ፣ ግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን ሲቧጥጥ ይውላል። «ሦስት ናቸው ብላ ይዛለች፤ ሁለት ሲሆኑባት አልቻለችም» አሉኝ። ከዚህ አንድ ነገር መማር ነበረብን። እሳቸው ስለ እንጨት ያውቃሉ፣ እኔ ስለ ዓሣ አውቃለሁ፤ ስለ ሴትየዋ ማን ያስብ? ዘበኛውን መለስኩላቸው።

ቀጥዬ ያቀረብኩላቸው የፕላስቲክ ግንቡን ነው። ግንብ ሲባል ሁለት ማማ፣ አንድ በር ያለው ነገር ነው፤ አንድ ካርቶን ሙሉ አስመጥቼ ከሁለት በላይ አልሄደልኝም ነበር። ጋሽ ሚሊ አገላብጠው አዩት፤ ከኪሳቸው ሜትራቸውን አውጥተው በሩን ለኩት።

«ሃያ ስድስት» አሉ። «ደግሞ ለይስሙላ ነው እንጂ ውስጡ ድፍን ነው። ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው፣ አንተ። አርባ ዓመት እንጨት ሠርቼ ለሚስቴ ፕላስቲክ ይዤላት ልግባ?»

ቅር አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያው ግንብ ነበር የማባርረው። እሳቸው ስለሆኑ ዋጥ አደረግኩትና «እንግዲያውስ እንጨት ያስገቡላት» አልኳቸው። እንጨት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውም ወዲያው እርሳስ ፍለጋ ወደ ጆሯቸው ሄደ። ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። የአናጢ ቤት እንጨት አይሆንም፤ ኮላ አለው፣ ቫርኒሽ አለው። ከዛፍ የተቆረጠም አይሆንም፤ ገና ያልደረቀው ፈሳሹ ውኃውን ይመርዛል። የሚፈለገው ውኃ ይዞት ሄዶ፣ ዓመት ሙሉ አንገላቶት፣ ልጡን ልጦ ዳር ላይ የጣለው እንጨት ነው።

«የተጣለ እንጨት» አሉ ጋሽ ሚሊ። «እኔም እኮ እንደዚያው ነኝ። እንግባባለን።»

በእሑድ ቀን ወደ ሐይቁ ሄድን፤ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነው። አብሬያቸው የሄድኩት ለጽድቅ አይደለም። ብቻቸውን ብለቃቸው ዓይናቸው የገባውን ጉቶ ተሸክመው መጥተው ዓሣዎቼን ይፈጁብኛል ብዬ ነው። ዳርቻው ላይ የሌለ ነገር የለም፤ የውኃ ፕላስቲክ፣ የተበጠሰ ገመድ፣ አንድ እግር ጫማ፣ በዚያ መካከል ደግሞ የእንጨት ዓይነት። ጋሽ ሚሊ ጉልበታቸውን ረሱት። አንዱን ያነሡና በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ በጥፍራቸው ይጫኑታል፣ ያሸቱታል። ከዚያ ይልሱታል።

«ኧረ ጋሼ፣ ያምዎታል!»

«ዝም በል። መራራ ነው፤ ገና አልለቀቀም» ብለው ይወረውሩታል።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲልሱ ቆይተው አንድ ሥር አገኙ። ግራጫ ነው፣ እንደ ክንድ የወፈረ፣ ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ሆዱ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው። ለኩት። ርዝመቱ አራት መቶ አሥር፣ ቀዳዳው ሠላሳ አራት። ቢጫዋን በመስተዋቱ ላይ ሜትር አስጠግተው ለክተዋት ኖሯል፤ ሃያ ሁለት ናት። ዘበኛው ሃምሳ አንድ።

«እሷ ትገባለች፣ እሱ ይቀራል» አሉ። ጋሽ ሚሊን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ ጥርሳቸው አልከደን አለ።

ስልካቸው የጮኸው ይህኔ ነው። ልጃቸው ናት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ለእኔ ሳይቀር ድምጿ ይሰማኛል። «አባዬ... እማዬ አርፋለች... አንተ ቀስ ብለህ...» አለችና ጠፋች።

ጋሽ ሚሊ ስልኩን ከጆሯቸው አነሡት፣ አዩት፣ መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

«አርፋለች አለችኝ» አሉ።

ደጋግሜ ደወልኩ፤ አልገባም አለ። ወደ አውቶቡሱ ደግፌ ወሰድኳቸው። ሾፌሩ ሰው እስኪሞላ አልነሣም ሲል የጮኽኩት ጩኸት ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ግን ተነሣ። ሁለት ሰዓት። ሰው መርዶ ይዞ ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራል? መስኮቱን ያያል። ጋሽ ሚሊ ሥሩን ከጉልበታቸው ላይ አላወረዱትም፤ አሸዋው ሱሪያቸው ላይ ይራገፋል። በመንገዱ ሁሉ የተናገሩት አንድ ነገር ነው። «ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን ሳላበጥርላት ወጣሁ» አሉ። እኔ ደግሞ ሰው ማጽናናት አላውቅበትም። እጃቸውን እንኳ መያዝ አቅቶኝ የእንጨቱን ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩ።

ደጁ ጸጥ ብሏል። የተሰበሰበ ሰው የለም፣ የሚያለቅስ የለም። ልጅቷ የልብስ ሳፋ ይዛ ወጣችና «ምነው እንዲህ ቶሎ መጣችሁ?» አለች።

«እናትሽስ?» አልኳት።

«ተኝታለች። ስንት ቀን ዓይኗ ሳይከደን ቆይቶ ዛሬ ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰዳት። አርፋለች፣ አትቸኩል፣ ቀስ ብለህ ና ብዬው አልነበር እንዴ?»

«አርፋለች ይባላል እንዴ!» ብዬ ጮኽኩባት። «ተኝታለች ማለት አቅቶሽ ነው? አርፋለች?» ልጅቷ ያለችው ነገር ያን ጊዜ ገባትና ሳፋውን ጥላ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ሚሊ ሳቁ። ሳቃቸው መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። በዚህ መካከል ከውስጥ የነቃ ድምፅ ተሰማ፤ «ግቡ!» ሦስታችንም ዓይናችንን ጠርገን ገባን። እኔ አመስግኜ እጅ ነሣሁ፤ እሜቴ ግን እኔን አላዩኝም። ከመስተዋቱ ውስጥ ቢጫዋ ጥግ ላይ ተለጥፋ ነበር፣ ዘበኛው ፊቷ ቆሟል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሽ ሚሊ ችኩል ሆኑ። ያን መንገድ የሄደ ሰው ቢቸኩል አይፈረድበትም። እንጨት ግን ለችኩል ሰው አይሆንም። በብሩሽ ይፈተጋል፣ የላላው በቢላ ይፋቃል፣ ከዚያ ይቀቀላል። ከድስት ስለሚበልጥ በበርሜል ግቢ ውስጥ ቀቀሉት። ውኃው እንደ ሻይ ይቀላል፤ ይደፉታል፣ ሌላ ይሞሉና እንደገና ይቀቅላሉ። በአምስተኛው ቀን ቀለሙ ሳሳ። ዋናው ጣጣ ግን ቀለሙ አልነበረም። እንጨቱ አልሰጥም አለ። ድንጋይ ሲጭኑበት ይወርዳል፣ ድንጋዩ ሲነሣ ብቅ ይላል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከእንጨት ውኃ ሳስወጣ ኖሬ» አሉኝ፣ «አሁን አስገባ ስባል አቃተኝ።»

በየጠዋቱ ሱቄን ስከፍት ስልኬ ይጮሃል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «አርባ ሁለት» ይላሉ። ከውኃው በላይ የቀረው የእንጨቱ ከፍታ ነው። በማግስቱ «አርባ አንድ ተኩል»። ከዚያ «አርባ አንድ»። አንድ ቀን «አርባ ሁለት» ብለው ድምፃቸው ሞተ፤ እንዴት ተመልሶ ይነሣል? እኔ ምን ልበል፤ «ይጠብቁ» እላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሠላሳ ስምንት ላይ ደረሰና እዚያው ተተከለ። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ስምንት። በዚህ ጊዜ ሁሉ ዘበኛው የቢጫዋን ጅራት ግማሹን በልቶታል፣ እሜቴም ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃሉ። «ሌላ መላ የለውም ወይ?» ይሉኛል ጋሽ ሚሊ። «ትዕግሥት ነው እንጂ» እላቸዋለሁ እኔ፣ ትዕግሥት የሌለኝ ሰውዬ።

ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ ያልኩት ይኸው። ሌላ መላ ነበረው። እንጨቱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ከሥር በማይዝግ ብሎን ማሰር ነው፤ ድንጋዩ ይዞት ይወርዳል። የግማሽ ቀን ሥራ ናት። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። ያልነገርኳቸው «የልጅ መጫወቻ» ያሉኝ ከሆዴ ስላልወጣ ነው። ትንሽ ይልፉ አልኩ። ሌላ ሰበብ ብፈልግ አጣሁ፤ ይኸው ብቻ ነው።

በሃያ አራተኛው ቀን አልደወሉም። ረፋዱ ላይ ራሳቸው መጡ። ጢማቸው አድጓል፣ እጃቸው በቅቅሉ ውኃ ጠቁሯል።

«ድምፅ አጠራት» አሉኝ። «ትናንት አፏ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ያቺም ቃል ልትሄድብኝ ነው።»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ዓይኔን ገንዳ ላይ ተክዬ፣ ድንጋዩንም ብሎኑንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የጠቆረ እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

«ብሎን?» አሉ በመጨረሻ። «እንጨት በብሎን ማሰር? ለእኔ?»

መቼ እንዳወቅኩ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር። የሱቄን መደርደሪያ አንድ ጊዜ አይተው ወጡ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደወሉ። «ገባች!» ሲሉ ስልኩ ተሰነጠቀ። ከኋላቸው ልጅቷ ታጨበጭባለች። እንጨቱ ድንጋዩን ይዞ ጸጥ ብሎ ወረደ፤ ቢጫዋ ሁለት ጊዜ ዞረችው፣ በሦስተኛው ቀዳዳው ውስጥ ገባች። ዘበኛው ተንደርድሮ መጥቶ ግንባሩ ቀዳዳው ላይ ቀረ። «ሃምሳ አንድ በሠላሳ አራት አይገባማ!» ይላሉ ጋሽ ሚሊ። ልቤ ቀለለኝ። ይቅርታ የተደረገልኝ መሰለኝ።

«እሜቴስ ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ዝም ብላ እያየች ነው» አሉ።

አምስት ቀን ስልክ የለም። በስድስተኛው ቀን ሱቁ በር ላይ ቆሙ፤ አልገቡም።

«ዓሣ እንዴት ነው የሚወጣው?» አሉኝ።

ቢጫዋ ከገባች አልወጣችም። መብራቱ ሲጠፋ ሳትወጣ አትቀርም፤ የጣሉት ምግብ ጠዋት ላይ አይገኝም። ብርሃን ሲሆን ግን የለችም። እሜቴ አምስት ቀን ሙሉ እየፈለጓት ነው። ቀዳዳው በእሳቸው በኩል አይታይም፤ ጋሽ ሚሊ ሌላ በኩል ሊያዞሩት ሞከሩ፣ ዓሣዋ ግን ወደ ውስጥ ገባ ብላ ተቀመጠች፣ ጨለማ ብቻ ነው የሚታየው። ምግብ አልቀምስም ብለዋል። ያቺ ቃልም ጠፍታለች። የሚጮኹላት የለማ።

ሱቁን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ማንም «ግቡ» ሳይለን ገባን። እሜቴ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ከራስጌያቸው ያልተነካ ሾርባ ቀዝቅዟል። ዓይናቸው ከመስተዋቱ ጥግ ወደ ጥግ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል። እንደዚያ ያለ አፈላለግ አይቼ አላውቅም። ጋሽ ሚሊ ገንዳው አጠገብ ተንበርክከው በጣታቸው ወደ እንጨቱ አመለከቱ።

«እዚህ ውስጥ ናት፣ እሜቴ። እኔ ልሙት፣ አለች። አልሞተችም። ገብታልሻለች እኮ፤ ግቡ ብለሽ አልነበር?»

እሜቴ ጣታቸውን አዩት። ከዚያ ፊታቸውን አዩት። ልጇን ወስደውባት «ቤት ውስጥ ነው» እንደሚሏት እናት ነበር ያዩአቸው። ዓይናቸው ተመልሶ ፍለጋውን ቀጠለ።

ጋሽ ሚሊ ተነሡ። እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ውኃው ውስጥ ከተቱና እንጨቱን ከነድንጋዩ አነሡት። ቢጫዋ ከቀዳዳው ወደቀች። ዘበኛው እንዳያት ተወነጨፈ።

«ግቡ!»

ሁለታችንም ደነገጥን። ሻካራ ነው፣ ግን ሙሉ ድምፅ ነው። እሜቴ በግራ ክንዳቸው ከትራሱ ቀና ብለዋል፣ ጉንጫቸው ቀልቷል። «ግቡ! ግቡ!» ቢጫዋ በመስተዋቱ ዳር ትሸሻለች፣ ከተረፈው ጅራቷ ላይ አንድ ቁራጭ ተቀንጥሶ የገንዳው ወለል ላይ ረጋ። ጋሽ ሚሊ አላስቻላቸውም፤ እንጨቱን አወረዱት። ቢጫዋ ብልጭ ብላ ገባች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እሜቴ ቀስ ብለው ትራሱ ላይ ወደቁ፤ ዓይናቸው ከመስተዋቱ ጥግ እንደገና ጀመረ።

ጋሽ ሚሊ አንድ ጊዜ ደግሞ አነሡት። አሁን ግን ከወለሉ ትንሽ ብቻ ነው ያነሡት፤ አላወጡትም፣ አላስቀመጡትም። ውኃው ከክርናቸው በሸሚዛቸው ላይ ይወርዳል። ዞረው አዩኝ።

«ላውጣው ወይስ ልተወው?»

አፌን ከፈትኩ። በየቀኑ ሰው ላይ የምጮህበት አፍ ነው፤ አንድ ቃል አልወጣለትም።

«ንገረኝ እንጂ፣ አንተ። የዓሣ ነገር የምታውቀው አንተ አይደለህ?»

ድንጋዩ ከባድ ነው። እጅጌዬን እንኳ ሳልጠቀልል እጄን ውኃው ውስጥ ከተትኩና ድንጋዩን ከሥሩ ያዝኩላቸው።